ለቤት ኮምፒዩተር የሚስማማውን የፋይል ሥርዓት ስለ መምረጥ

ቤቱን በሚገባ የሚያስተዳድር ሰው ጎተራውን፤ ግምጃ ቤቱንና የሰነድ ሣጥኑን ለይቶ እንደሚያኖር የታወቀ ነው። እህሉ በጎተራ፤ ልብሱ በሣጥን፤ የርስቱና የውሉ ወረቀት በቁልፍ ይቀመጣል። በዛሬው ዘመን ግን የቤተ ሰቡ ሀብት ብዙው ክፍል፤ ይኸውም ፎቶግራፉ፤ ደብዳቤው፤ የሰርጉ ተንቀሳቃሽ ሥዕል፤ የልጆቹ የትምህርት ማስረጃ፤ ያለፉት ወላጆች ድምፅ ሳይቀር፤ ከመዳፍ በማይበልጥ በአንድ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ተከማችቶ ይገኛል። ይህን ያህል ሀብት የያዘው ዕቃ በምን ሥርዓት እንደሚጠበቅ የሚጠይቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ይህንኑ ነገር በሚቻለን መጠን ገልጠን ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን።

ነገሩ የተነሣበት ምክንያት

ከጥቂት ጊዜ በፊት በአዲስ አበባ ከተማ የአንድ ወዳጃችንን ቤት ልንጠይቅ ሄደን ነበር። ወዳጃችን ብዙ ዘመን በመንግሥት ሥራ ያገለገሉ፤ አሁን በጡረታ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። በዚያም ቀን በአሜሪካ የምትኖረው ልጃቸው በመንገደኛ እጅ የላከችው አንድ ትንሽ ዲስክ ደርሶ ነበርና ቤተ ሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ አገኘነው። በዲስኩ ውስጥ ያለው ልጅቱ ወደ አገሯ በተመላለሰች ጊዜ ያነሣችው ፎቶግራፍና የሟች እናቷ ድምፅ ነው። እናቲቱ በሕይወት ሳሉ የቤተ ሰቡን የትውልድ ቆጠራ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምረው ሲናገሩ በየጊዜው ቀድታው ነበር።

የልጅ ልጃቸው ዲስኩን ከቤቱ ኮምፒዩተር ጋር ባገናኘው ጊዜ ፎቶግራፍም ድምፅም አልታየም። በመስታወቱ ላይ የወጣው፤ ዲስኩን ከመጠቀም በፊት ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል፤ የሚል ቃል ብቻ ነበር። ወጣቱም ያለ ሐሳብ እሺ የሚለውን ሊጫን እጁን ሲዘረጋ ሽማግሌው አስቆሙት።

«ቆይ፤ ልጄ። ምን አድርጉ ይላል?»

«ፎርማት አድርጉ ነው የሚለው፤ አባባ። ያስተካክለዋል ማለት ነው።»

«ሲያስተካክለውስ በውስጡ ያለው ወዴት ይሄዳል?»

ወጣቱ መልስ አጣ። ሽማግሌውም፤ «እንግዲያስ ያላነበብነውን ደብዳቤ አንቀድም፤ መጀመሪያ ላኪዋን እንጠይቅ» አሉና ወደ አሜሪካ ስልክ ተደወለ። ልጅቱም የነገሩን አሳብ በሰማች ጊዜ ደነገጠች። የእርሷ ኮምፒዩተር ሞልቶ ስለ ነበር ፎቶግራፉንና ድምፁን ሁሉ ወደ ዲስኩ አዛውራ ከኮምፒዩተሯ አጥፍታው ኖሯል። በዓለም ላይ የቀረው ቅጂ ያ በጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ብቻ ነበር። በቤቱ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም።

የዚህን ነገር ፍጻሜ ወደ ኋላ እንናገራለን። አስቀድሞ ግን ዲስኩ ምንም ሳይበላሽ ኮምፒዩተሩ ሊያነበው ያልቻለበትን ምክንያት መግለጥ ይገባናል።

የፋይል ሥርዓት ማለት ምን ማለት ነው

በመዝገብ ቤት የሠራ ሰው ነገሩን ፈጥኖ ያስተውለዋል። በመዝገብ ቤት ውስጥ ብዙ ሺህ ወረቀት ይኖራል፤ ነገር ግን የትኛው ወረቀት በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ የሚያመለክት መዝገብ ከሌለ ወረቀቱ ቢኖርም እንደሌለ ይቆጠራል። ሃርድ ዲስክም እንዲሁ ነው። ዲስኩ ራሱ ባዶ መደርደሪያ ሲሆን መደርደሪያውን በቍጥር የሚከፋፍለው፤ የፋይሉን ስም፤ መጠኑን፤ የተጻፈበትን ቀንና የተቀመጠበትን ስፍራ የሚመዘግበው ደንብ የፋይል ሥርዓት ይባላል። ፎርማት ማድረግ ማለትም አዲስ መዝገብ ከፍቶ መደርደሪያውን እንደ አዲስ መከፋፈል ነው። ፈጣን በተባለው ፎርማት የቀድሞው ወረቀት ወዲያው ላይደመሰስ ይችላል፤ መዝገቡ ግን ስለሚጣል ባለሙያ ካልደከመበት በቀር አይገኝም፤ ሌላ ነገር ከተጻፈበት ወዲያ ደግሞ ባለሙያም አያድነውም።

በዓለም የመጀመሪያው የኮምፒዩተር ሃርድ ዲስክ በ1956 በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ተሠርቶ ወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ የምንቈጥረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው)። ስፋታቸው 24 ኢንች የሆነ 50 ክብ ሰሌዳዎች ነበሩት፤ የሚይዘውም 5 ሚሊዮን ፊደል ያህል ነበር። ከዚያ ወዲህ ዲስኩ እያነሰ የሚይዘው እየበዛ ሲሄድ እያንዳንዱ ኩባንያ የየራሱን የመዝገብ አያያዝ አወጣ። እንግዲህ አንዱ ጸሐፊ የጻፈውን መዝገብ ሌላው ጸሐፊ ፊደሉን ካላወቀ ሊያነበው እንደማይችል ሁሉ አንዱ ኮምፒዩተር ያሰናዳውን ዲስክ ሌላው ኮምፒዩተር ሳያነበው የሚቀርበት ጊዜ አለ። በወዳጃችን ቤት የሆነውም ይኸው ነው። የልጅቱ ኮምፒዩተር ማክ፤ የቤቱ ኮምፒዩተር ግን ዊንዶውስ ነበርና።

የታወቁት ሥርዓቶችና ጠባያቸው

ፋት የተባለው ሥርዓት ከሁሉ የቆየ ነው። በ1977 በማይክሮሶፍት ኩባንያ ተጀመረ፤ ፋት 32 የተባለው ዓይነቱም በ1996 ወጣ። መልካምነቱ ዊንዶውስም ማክም ሊኑክስም፤ ቴሌቪዥንና የመኪና ራዲዮም ሳይቀሩ አብዛኛውን ጊዜ ስለሚያነቡት ነው። ጉድለቱ ግን የአንዱን ፋይል መጠን የሚጽፍበት ስፍራ ጠባብ በመሆኑ ከ4,294,967,295 ባይት፤ ማለት ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል ሊቀበል አይችልም። ስለዚህ የሰርግ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ወደ ፍላሽ ሲገለበጥ ብዙ ባዶ ስፍራ እያለ «አይበቃም» ተብሎ ቢመለስ ባለቤቱ ፍላሹ ተበላሸ ብሎ አይጣለው፤ ጥፋቱ የዕቃው ሳይሆን የሥርዓቱ ነው።

ኤን.ቲ.ኤፍ.ኤስ. የተባለው በ1993 ከዊንዶውስ ኤን.ቲ. ጋር ወጣ፤ ዛሬም የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች የውስጥ ዲስክ የሚሰናዳው በእርሱ ነው። ሁለት ትልልቅ ጥቅሞች አሉት። አንደኛው የፈቃድ ሥርዓት ነው፤ የአባትን ፋይል ልጅ እንዳይከፍተው፤ ወይም ከፍቶ ቢያነበው እንዳይለውጠው ማድረግ ይቻላል። ሁለተኛው የውሎ መዝገብ መያዙ ነው፤ ስለዚህም ወደ ታች በስፋት እንናገራለን። ማክ ይህን ሥርዓት ያነበዋል፤ ነገር ግን ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ሊጽፍበት አይችልም።

ኤክስፋት በ2006 በማይክሮሶፍት የወጣ ሲሆን የ4 ጊጋባይቱን ወሰን አስወግዶአል። ዊንዶውስና ማክ ያነቡታል ይጽፉበታልም፤ ማይክሮሶፍት በ2019 ደንቡን ለሕዝብ ከገለጠው ወዲህ ሊኑክስም ከነፍሱ ተቀብሎታል። ስለዚህ ከቤት ወደ ቤት፤ ከአገር ወደ አገር ለሚዞር ዲስክ የተመቸ ነው። ሆኖም የውሎ መዝገብ የለውም፤ የፈቃድ ሥርዓትም የለውም፤ ዲስኩን በእጁ ያደረገ ሰው ሁሉ የፈለገውን ያነባል።

ኤ.ፒ.ኤፍ.ኤስ. የተባለው የአፕል ኩባንያ ሥርዓት ነው፤ በ2017 ወጥቶ የቀድሞውን፤ ኤች.ኤፍ.ኤስ. ፕላስ የተባለውን፤ ተካ። ለማክ እጅግ የተመቸ ነው፤ ዊንዶውስ ግን ያለ ልዩ ፕሮግራም አንድ ፊደል አያነብበትም። ኤክስት 4 ደግሞ የሊኑክስ ሥርዓት ነው፤ በ2008 ለሥራ የበቃ ተብሎ ተቈጥሮ እስከ ዛሬ በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ በታማኝነት ያገለግላል። ዊንዶውስም ማክም እንዲሁ እንዳለ አያነቡትም።

መብራት በድንገት ሲጠፋ

በአገራችን ከተሞች የሚኖር ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ መከራ አለ፤ ይኸውም በሥራ መካከል መብራት መጥፋቱ ነው። ኮምፒዩተሩ ፋይል ሲጽፍ በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር ያደርጋል፤ ወረቀቱን በመደርደሪያው ያኖራል፤ ስሙን በመዝገብ ይጽፋል፤ ስፍራው መያዙን ያመለክታል። መብራት በዚህ መካከል ቢጠፋ ወረቀቱ ሳይኖር ስሙ የተመዘገበ፤ ወይም ወረቀቱ ኖሮ ስሙ ያልተመዘገበ ሊሆን ይችላል።

የውሎ መዝገብ የሚይዙ ሥርዓቶች፤ እንደ ኤን.ቲ.ኤፍ.ኤስ. እና እንደ ኤክስት 4 ያሉት፤ አንድን ሥራ ከመጀመራቸው በፊት «ይህንና ይህን ላደርግ ነው» ብለው ይጽፋሉ። መብራቱ ሲመለስ ያንን መዝገብ ተመልክተው የተጀመረውን ይፈጽማሉ፤ ወይም እንዳልተጀመረ አድርገው ይተዉታል። ኤ.ፒ.ኤፍ.ኤስ. ግን በሌላ ዘዴ ይሠራል፤ በአሮጌው ላይ ሳይደርብ አዲሱን በሌላ ስፍራ ይጽፍና ከጨረሰ በኋላ ምልክቱን ወደ አዲሱ ያዞራል። ፋት 32 እና ኤክስፋት ይህም ያም የላቸውም።

ነገር ግን አንባቢዎቻችን ይህን ከመጠን በላይ እንዳይታመኑበት እናሳስባለን። የውሎ መዝገብ የሚጠብቀው በተለይ የዲስኩን መዝገብ እንጂ በዚያች ደቂቃ ይጻፍ የነበረውን ደብዳቤ አይደለም። ጽፈው ያላስቀመጡት ገጽ በማናቸውም ሥርዓት ቢሆን ከመብራቱ ጋር ይጠፋል።

ብዙ ትንንሽ ፋይል ላለው ሰው

የፋይል ሥርዓት ስፍራን የሚያድለው በእፍኝ ሳይሆን በቁና ነው። ትንሿ ፋይል ቁናውን ባትሞላውም ሙሉውን ቁና ትይዛለች። ዊንዶውስ ኤን.ቲ.ኤፍ.ኤስ.ን ሲያሰናዳ ቁናው ብዙውን ጊዜ 4 ኪሎባይት ነው፤ ከ32 ጊጋባይት የሚበልጥ ዲስክን በኤክስፋት ሲያሰናዳ ግን 128 ኪሎባይት ያደርገዋል። እንግዲህ እያንዳንዱ 2 ኪሎባይት የሆነ 10,000 ደብዳቤ ያለው ሰው በመጀመሪያው 40 ሜጋባይት ያህል ሲይዝበት በሁለተኛው ከ1 ጊጋባይት በላይ ይይዝበታል። ትልልቅ ፎቶግራፍና ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለሚያኖር ሰው ግን ይህ ልዩነት ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ስለ አማርኛ ስም

ፋይሎቻቸውን በአማርኛ ለሚሰይሙ ሰዎች አንድ ቃል እንጨምራለን። የግእዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ከተመዘገበ ወዲህ ከላይ የጠቀስናቸው ሥርዓቶች ሁሉ የአማርኛ ስም ይቀበላሉ። ኤን.ቲ.ኤፍ.ኤስ. እና ኤክስፋት ለአንድ ስም 255 ፊደል ይፈቅዳሉ። ኤክስት 4 ግን የሚቈጥረው ፊደሉን ሳይሆን ባይቱን ነው፤ ወሰኑም 255 ባይት ነው። ዛሬ በተለመደው አጻጻፍ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ የአማርኛው ስም ከ85 ፊደል ሊበልጥ አይችልም። ከነማዕርጉና ከነአባቱ ስም፤ ከነቀኑና ከነጉዳዩ ረዥም ስም የሚሰጥ ሰው ይህን ያስብ። ደግሞም ዊንዶውስ የፈረንጁን ሁለት ነጥብና እዝባር በፋይል ስም ውስጥ አይቀበልም፤ የእኛን ሁለት ነጥብ ግን ይቀበላል።

እንግዲህ የትኛው ይመረጥ

ይህን ሁሉ ካየን በኋላ ምርጫው አስቸጋሪ አይደለም። ሰው ዕቃውን ከመምረጡ በፊት የሚያገለግልበትን ስፍራ ይወቅ።

በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ውስጥ ተተክሎ ለሚኖር ዲስክ ኤን.ቲ.ኤፍ.ኤስ.ን፤ በማክ ውስጥ ለሚኖረው ኤ.ፒ.ኤፍ.ኤስ.ን፤ በሊኑክስ ውስጥ ለሚኖረው ኤክስት 4ን እንመክራለን። በቤት ውስጥ የሚኖር ዲስክ ከባለቤቱ ጋር የሚስማማውን ቋንቋ ይናገር።

በዊንዶውስና በማክ መካከል ለሚመላለስ ዲስክ ኤክስፋት ይሻላል። ነገር ግን መልእክተኛ እንጂ ዘበኛ አይደለምና የመጨረሻ ማከማቻ አይሁን። ከኮምፒዩተሩ ሲለይም በድንገት አይነቀል፤ «አስወጣ» የሚለው ትእዛዝ ተሰጥቶ መልሱ እስኪመጣ ይጠበቅ። ፋት 32 ደግሞ ለአሮጌ ቴሌቪዥን፤ ለመኪና ራዲዮና ለትንሽ ፍላሽ ይተው።

ፎቶግራፍና ሰነድ ለብዙ ዓመት ለማኖር የሚያስብ፤ ሊኑክስንም ለመማር ትዕግሥት ያለው ሰው ቢ.ቲ.አር.ኤፍ.ኤስ. ወይም ዜድ.ኤፍ.ኤስ. የተባሉትን ይመልከት። እነዚህ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ የማረጋገጫ ቍጥር ይጽፋሉ፤ ፋይሉ በተነበበ ቍጥር ያመሳክሩታል፤ በዝምታ የተበላሸ ነገር ቢኖር ያስታውቃሉ። ሆኖም የተበላሸውን የሚጠግኑት ሁለተኛ ቅጂ ያገኙ እንደ ሆነ ነው። ኤን.ቲ.ኤፍ.ኤስ. እና ኤክስት 4 የፋይሉን ይዘት እንዲህ አድርገው አይመረምሩም፤ ኤ.ፒ.ኤፍ.ኤስ.ም የሚመረምረው የራሱን መዝገብ እንጂ የባለቤቱን ፋይል አይደለም።

ምስጢር ያለው ወረቀት የሚያኖር ባለ ሥልጣን ደግሞ በፈቃድ ሥርዓት ብቻ አይታመን። ዲስኩ ተነቅሎ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ቢገባ የኤን.ቲ.ኤፍ.ኤስ. ፈቃድ ሊታለፍ ይችላል። እውነተኛው ቁልፍ ዲስኩን በምስጢር ጽሕፈት መቆለፍ ነው፤ ለዚህም በዊንዶውስ ቢትሎከር፤ በማክ ፋይልቮልት የተባሉት አሉ። የምስጢር ቃሉና የመክፈቻ ቍጥሩ ግን በወረቀት ተጽፎ በታመነ ስፍራ ይቀመጥ፤ ቁልፉን የጣለ ሰው ከሌባው እኩል በደጅ ይቀራልና።

አሮጌውን ሥርዓት ለመለወጥ የሚወድ ሰውም አስቀድሞ በውስጡ ያለውን ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጥ። ዊንዶውስ ፋት 32ን ሳያጠፋ ወደ ኤን.ቲ.ኤፍ.ኤስ. የሚለውጥበት ትእዛዝ አለው፤ ከኤክስፋት ወይም ከማክ ሥርዓት ወደ ኤን.ቲ.ኤፍ.ኤስ. ለመሻገር ግን ፎርማት ከማድረግ በቀር መንገድ የለም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደ ተባለው በዚህ ሥራ የሚቸኩል ሰው ያፈሰሰውን ለመልቀም እንኳ ዕድል ላያገኝ ይችላል።

የነገሩ ፍጻሜ

ወደ ወዳጃችን ቤት እንመለስ። ዲስኩ ሳይነካ ተነቅሎ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀመጠ። በማግሥቱም ማክ ኮምፒዩተር ያለው የጎረቤት ተማሪ ተጠርቶ መጣ። ዲስኩ ከእርሱ ኮምፒዩተር ጋር በተገናኘ ጊዜ አንዳች ሳይጐድል ሁሉም ተከፈተ። ከዚያም በኤክስፋት ወደ ተሰናዳ ሌላ ዲስክ ተገለበጠ፤ ከዚያም ወደ ቤቱ ኮምፒዩተር ገባ፤ ሦስተኛውም ቅጂ በሌላ ዘመድ ቤት እንዲኖር ተላከ። ይህን ሲያደርጉ ሳያውቁት የባለሙያዎችን ደንብ ፈጸሙ፤ ደንቡም ሦስት ቅጂ ይኑር፤ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ይቀመጥ፤ አንዱ ከቤት ውጭ ይሁን የሚል ነው።

በዚያው ማታ ሽማግሌው የባለቤታቸውን ድምፅ ሰሙ። ድምፁ የትውልዱን ስም አንድ በአንድ ሲቈጥር ሽማግሌው በከንፈራቸው ይከተሉት ነበር። በአንድ ስፍራ ላይ ሲደርስ ግን ፈገግ ብለው፤ «እዚህ ላይ ሁልጊዜ ትሳሳት ነበር፤ አንድ አያት ትዘላለች» አሉ። የልጅ ልጃቸውም ወረቀትና እርሳስ አምጥቶ የተዘለለውን ስም ከአፋቸው ተቀብሎ ጻፈው።

ከዚያም ወደ እኛ ዘወር ብለው፤ «ይህን ነገር ለሌላውም ሰው ጻፉለት፤ እኔ ያዳነኝ ዕውቀት ሳይሆን መጠየቅ ነው» አሉን። እኛም ቃላቸውን ተቀብለን ይህን ጻፍን። እንግዲህ አንባቢዎቻችን የፋይል ሥርዓቱን እንደየቤታቸው ሁኔታ ይምረጡ፤ የከበረውን ነገር በአንድ ዲስክ ብቻ አያኑሩ፤ ኮምፒዩተሩ «ፎርማት ላድርግ?» ብሎ በጠየቀ ጊዜም እሺ ከማለታቸው በፊት፤ በውስጡ ያለውስ ወዴት ይሄዳል፤ ብለው ይጠይቁ።